ስምንቱ ቢጫዎች የማን ናቸው?

ሚልካ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አለቻት።

ጀሪካኗ ሥር በእናቷ የጥፍር ቀለም «ሚ» ተብሎ ተጽፏል።

ባዶ ሆና ስትንኳኳ «ኳ! ኳ!» ትላለች። ስትሞላ ግን «ዱብ! ዱብ!» ትላለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሚልካ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቦኖ ሄደች። ቦኖ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውኃ የሚቀዳበት ቧንቧ ነው። ከቤታቸው በር ፊት ለፊት ስለሆነ ብቻዋን ትሄዳለች።

ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ግን ሰዎች አይደሉም፤ ጀሪካኖች ናቸው። ሰዎቹ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ፤ ጀሪካኖቹ ፀሐይ ላይ ተራ ይጠብቃሉ።

ሚልካም ጀሪካኗን ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጠች። ከዚያ አንድ እንሽላሊት አየች።

እንሽላሊቱ ሮጠ። ሚልካም ሮጠች። እንሽላሊቱ ድንጋይ ሥር ገባ።

ሚልካ ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ ብላ እስኪወጣ ጠበቀች። እንሽላሊት መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

የሚልካ ጀሪካን ተራ ደረሰ። ሚልካ ግን የለችም።

«ይህች ትንሿ ቢጫ የማን ናት?» አሉ ቦኖውን የሚቆጣጠሩት እትዬ ዘውዴ።

ዝም።

«የማን ናት?»

ዝም።

«የማ…ን ና…ት?»

ዝም።

የቦኖው ሕግ አጭር ነው። ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። መልስ ከሌለ ጀሪካኑ ወደ ጎን ይደረጋል። አይጣልም፤ ወደ ጎን ብቻ።

ሚልካ ስትመለስ ጀሪካኗ ሰልፉ ላይ የለችም። «ማነው ጀሪካኔን ያነሳው? ማነው ተራዬን የወሰደው?» ብላ ጮኸች።

እትዬ ዘውዴ ጀሪካኗን ከጎን አንስተው ገለበጧት። «ይህ ምን ይላል?» አሉ።

«ሚ» አለች ሚልካ።

«ሚ ማን ናት?»

«እኔ» አለች ሚልካ፣ በጣም ቀስ ብላ።

«አዬ ሚልኪ! የረሳሽው አንቺ፣ የተቆጣሽው አንቺ!» አሉ እትዬ ዘውዴ። ጥላው ሥር የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሚልካ አልሳቀችም።

ሚልካ ውኃዋን ይዛ ቤት ስትገባ፣ አያቷ አባባ ጩፋ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የዓሣ መረባቸውን ይጠግናሉ።

አባባ ጩፋ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሰማያዊ ጀልባቸው ሐይቁ ላይ ይወጣሉ። ጠዋት ዓሣ ይዘው ይመለሳሉ።

አምና ግን አንድ ኃይለኛ ንፋስ መጥቶ ሰማያዊዋን ጀልባ ገለበጣት። አባባ ጩፋ ግንድ ይዘው፣ ዋኝተው ወጡ።

«ደግነቱ አዞዎቹ የዚያን ቀን ጠግበው ነበር» ይላሉ አባባ ጩፋ፣ እየሳቁ።

ሚልካ ይህን ወሬ ስትሰማ አትስቅም። ልቧ «ድው! ድው!» ይላል።

የሚልካ እናት ወይኒቱ የአባባ ጩፋ ልጅ ናት። ሥራዋ ንፋስ ከመምጣቱ በፊት መምጣቱን ማወቅ ነው።

ከባድ ሥራ ነው። ንፋስ እመጣለሁ ብሎ ስልክ አይደውልም።

«ባለፈው ሳምንት ‹ምናልባት ንፋስ ይመጣል› አልሽን» አሉ አባባ ጩፋ፣ ከመረቡ ቀና ሳይሉ። «እኛም ቤታችን ቀረን። ሐይቁ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ሆኖ አደረ። ልጄ፣ ‹ምናልባት› ወጥ አይሆንም።»

«ባለፈው ሳምንት ያገኘሁት አንድ ማሽን ብቻ ነበር፣ አባዬ» አለች ወይኒቱ። «ዛሬ ስምንት አገኛለሁ። ዛሬ ‹ምናልባት› አልልም።»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንጠብቃለን» አሉ አባባ ጩፋ። «ወደቡ ላይ ባለው ምሰሶ ቀይ ጨርቅ ከተሰቀለ እንቀራለን። ካልተሰቀለ እንሄዳለን።»

«ስልክ ይያዙ እንጂ፣ አባባ» አለች ሚልካ።

«ሁለት ስልክ ሐይቁ ውስጥ ገብቶብኛል። ሦስተኛውን አልመግበውም» አሉ አባባ ጩፋ።

ሚልካ ወደ ሰማይ አየች። ሰማዩ ሰማያዊ ነበር። አንዲት ደመና ብቻ፣ ከተራራው ጀርባ፣ ብቅ ብላለች። ሚልካ ደመናዋን አልወደደቻትም።

ድው! ድው!

«እማዬ፣ እኔም ካንቺ ጋር እሄዳለሁ» አለች።

ወይኒቱ የምትሠራው ኮረብታው ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው። ከቢሮዋ መስኮት ሐይቁ ሁሉ ይታያል። ወደቡም ይታያል። ምሰሶውም ይታያል።

ከቢሮዋ አጠገብ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል አለ። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ጥቁር ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመዋል።

«ዙዙዙዙም!» ይላሉ። «ዙዙዙዙም!»

ማሽኖቹ ኮምፒውተሮች ናቸው። አንድ ሰው በወረቀት ዓመት የሚፈጅበትን ሒሳብ በሁለት ሰዓት ይጨርሳሉ።

«የማን ናቸው?» አለች ሚልካ።

«የማንም አይደሉም። የሁላችንም ናቸው» አለች እናቷ። «ተራ እየጠበቅን እንሠራባቸዋለን።»

«እንደ ቦኖው!» አለች ሚልካ።

«እንደ ቦኖው» አለች እናቷ። «ስለዚህ ከመሥራታችን በፊት እንጠይቃለን።»

ወይኒቱ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ከፈተች። አሥራ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ወጡ። አንዱ ሳጥን ለአንዱ ማሽን ነው።

አረንጓዴ ሳጥን «ነፃ ነኝ፣ ና» ይላል።

ቀይ ሳጥን «እየሠራሁ ነው፣ አትረብሸኝ» ይላል።

ቢጫ ሳጥን «ሰው ይዞኛል፣ ለእሱ ነው የተቀመጥኩት» ይላል።

ሚልካና እናቷ አብረው ጠየቁ። «ነፃ ማን አለ?»

አራት ቀይ። ስምንት ቢጫ። አረንጓዴስ?

ማንም የለም!

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ሰዓት ይላል። ቲክ! ቲክ! ቲክ!

«ግድ የለም» አለች ወይኒቱ። «ገና ጠዋት ነው።» ይህን ስትል ግን እስክሪብቶዋን ታኝክ ነበር።

በሚቀጥለው ቢሮ ኑረዲን የሚባል ወጣት ተማሪ አለ። ኑረዲን የሙዝ በሽታ ያጠናል። ጠረጴዛው ላይ አንድ የታመመ የሙዝ ቅጠልና አንድ ጤነኛ ሙዝ ነበሩ።

«አራቱ ቀዮች የእኔ ናቸው፣ እትዬ ወይኒቱ» አለ ኑረዲን። «አራት ቀን ሙሉ እየሠሩ ነው። ነገ ያልቃል። አሁን ባቆመው ከመጀመሪያ ነው። ግን ከጨነቀሽ አንዱን ላቁምልሽ።»

«አንድ ማሽን አንድ መልስ ነው» አለች ወይኒቱ። «አንድ መልስ ደግሞ ‹ምናልባት› ነው። ‹ምናልባት› ወጥ አይሆንም። ቢጫዎቹስ የማን ናቸው?»

ኑረዲን ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የፕሮፌሰር ናቸው» አለ።

«እ… የፕሮፌሰር» አለች ወይኒቱ። እሷም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ኑረዲን ጤነኛውን ሙዝ ለሚልካ ሰጣት። ሚልካ በላችው። ሙዙ ጥሩ ነበር፤ እሷ ግን የምታየው ሰዓቱን ነበር።

አምስት ሰዓት ሆነ። ቲክ! ቲክ! ቲክ!

«ነፃ ማን አለ?»

አራት ቀይ። ስምንት ቢጫ። አረንጓዴስ?

ማንም የለም!

ሚልካ በመስኮቱ አየች። ደመናዋ እናቷን፣ አክስቶቿንና ጎረቤቶቿን ጠርታ መጥታለች።

ወይኒቱ ተነሣች። ኮሪደሩን ሄዳ ሄዳ፣ የፕሮፌሰር ልዑልሰገድ በር ላይ ደረሰች። ለማንኳኳት እጇን አነሣች።

አላንኳኳችም።

እጇን አወረደች። ቀሚሷን አስተካከለች። እንደገና እጇን አነሣች። አሁንም አላንኳኳችም። ቀስ ብላ ተመለሰች።

«ለምን አላንኳኳሽም?» አለች ሚልካ።

«ፕሮፌሰር አስተማሪዬ ነበሩ» አለች ወይኒቱ። «እንዴት ብዬ ‹ማሽኑን ይልቀቁልኝ› እላቸዋለሁ? ደግሞ እሳቸው ከያዙት የሚሠሩት ነገር አለ ማለት ነው።»

ትልልቅ ሰዎች ይሉኝታ የሚባል ነገር አላቸው። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል?» እያሉ፣ መጠየቅ ያለባቸውን ሳይጠይቁ መቅረት ነው። ለትንንሽ ልጆች ገና አልተሰጣቸውም።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ቲክ! ቲክ! ቲክ!

«ነፃ ማን አለ?»

አራት ቀይ። ስምንት ቢጫ። አረንጓዴስ?

ማንም የለም!

ምሳቸውን አወጡ። ወይኒቱ አልበላችም። ሰዓቱን ታያለች፤ ሰማዩን ታያለች፤ ሳጥኖቹን ታያለች።

«ስምንቱ ማሽኖች ሁለት ሰዓት ይፈጅባቸዋል» አለች፣ ለራሷ ይሁን ለሚልካ ሳይታወቅ። «ጀልባዎቹ የሚወጡት በአሥራ አንድ ነው። ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ካልጀመርን…»

አልጨረሰችውም። ሚልካ ግን በሆዷ ጨረሰችው።

ድው! ድው!

ሚልካ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሄደች። በሩ ላይ ማሽኖቹን የሚጠብቁት ጋሽ ደምሴ ተቀምጠዋል። ጋሽ ደምሴ ከተማው በሙቀት ሲነድ እንኳ ሹራብ ይለብሳሉ።

«ጋሼ ደምሴ፣ ማሽኖቹን ልያቸው?»

«ማየት ይቻላል» አሉ ጋሽ ደምሴ። «መንካት አይቻልም። መሮጥ አይቻልም። ማስቲካ አይቻልም።» ሌላ ሹራብ አውጥተው አለበሷት። እጅጌው እስከ ጉልበቷ ወረደ።

ሚልካ ከማሽኖቹ ጀርባ ሄደች። ሳትነካቸው፣ እጇን ጠጋ ብቻ አደረገች።

የመጀመሪያው ማሽን ሞቃት አየር ተነፈሰባት። ፍፍፍፍ!

ሁለተኛውም ፍፍፍፍ! ሦስተኛውም ፍፍፍፍ! አራተኛውም ፍፍፍፍ!

አምስተኛው ግን ምንም አላለም። ቀዝቃዛ ነበር።

ስድስተኛውም ቀዝቃዛ። ሰባተኛውም ቀዝቃዛ። እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ ሁሉም ቀዝቃዛ!

ሚልካ ረሳችና አምስተኛውን አንኳኳችው። ኳ! ኳ!

«እዚህ ቤት ውስጥ የሚንኳኳው በር ብቻ ነው!» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ጋሼ ደምሴ፣ ባዶ ናቸው!» አለች ሚልካ። «ስምንቱም ባዶ ናቸው! ማንም አይሠራባቸውም። ሰልፍ ላይ ተቀምጠው የተረሱ ጀሪካኖች ናቸው!»

ጋሽ ደምሴ አገጫቸውን አሹ። «ተይዘዋላ» አሉ። «የያዛቸው ሰው ካልለቀቀ አይለቀቁም።»

«የያዛቸው ማነው?»

«ፕሮፌሰር ናቸው ይባላል።»

«ማን ይላል?»

ጋሽ ደምሴ ትንሽ አሰቡ። «ሁሉም» አሉ።

«እርስዎ ጠየቋቸው?»

«እኔማ… ትልቅ ሰው ናቸው… እንዴት ብዬ…» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማንም አይጠይቅም።

ሚልካ ግን የቦኖውን ሕግ ታውቃለች። ኮሪደሩ መሀል ቆመች። የሹራቡን እጅጌ ወደ ላይ ጠቀለለች።

«ስምንቱ ቢጫዎች የማን ናቸው?» ብላ ጮኸች።

ኑረዲን ከበሩ ብቅ አለ። «የእኔ አይደሉም!» አለ።

«የማን ናቸው?»

«የእኔም አይደሉም» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ሚልካ! ዝም በይ!» አለች እናቷ፣ እየሮጠች። «ፕሮፌሰር ይሰማሉ!»

ሚልካ ግን ኮሪደሩ መጨረሻ ደርሳለች። የፕሮፌሰሩን በር አንኳኳች። ኳ! ኳ!

በሩ ተከፈተ። ፕሮፌሰር ልዑልሰገድ በጣም ረጅም ናቸው። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። እጃቸው ላይ የአዞ ፎቶግራፍ ነበር። እሳቸው ሐይቁ ውስጥ ያሉትን አዞዎች ይቆጥራሉ።

«ስምንቱ ቢጫዎች የማ…ን ና…ቸው?» አለች ሚልካ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ወይኒቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«የእኔ አይደሉም» አሉ ፕሮፌሰሩ።



«እንደውም» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ «ከትናንት ጀምሮ አዞዎቼን የምቆጥርበት አንድ ማሽን ፈልጌ ነበር። ሰው ይዞታል ብዬ፣ እንዴት ብዬ ልጠይቅ ብዬ ተውኩት። የኑረዲን መስለውኝ ነበር።»

«እኔ የእርስዎ መስለውኝ ነበር!» አለ ኑረዲን።

«እኔም!» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«እኔም» አለች ወይኒቱ። «ታዲያ ማነው? ማነው ስምንት ማሽን ይዞ የጠፋው? ይህ ምን ዓይነት ሰው ነው? ሰዓቱ ደረሰ እኮ!»

ሰዓቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ቲክ! ቲክ! ቲክ!

«ሦስት ጊዜ ጠይቄያለሁ» አለች ሚልካ። «አሁን ይገለበጣል። ስም ሥር ነው የሚጻፈው።»

ጋሽ ደምሴ የወይኒቱ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጡ። ሁሉም ከኋላቸው ቆሙ። ጋሽ ደምሴ አንዱን ቢጫ ሳጥን ጫን አደረጉት። ጠቅ!

ሳጥኑ ተከፈተ። ከሥሩ ስም ወጣ።

ጋሽ ደምሴ አነበቡት። አሳሉ። ሌላውን ሳጥን ጫኑ። ጠቅ! ያው ስም ነው። እንደገና አሳሉ።

«ያንብቡት እንጂ!» አለች ወይኒቱ።

«ወይኒቱ ጩፋ» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ሐሙስ ማታ ነው የተያዘው።»

ከቀዝቃዛው ክፍል «ዙዙዙዙም» ብቻ ይሰማል።

የወይኒቱ ፊት በርበሬ መሰለ።

«ሐሙስ ማታ…» አለች። «ለቅዳሜ ቦታ እንዳላጣ ብዬ… ስምንቱንም አስቀድሜ ያዝኩ። ከዚያ የቢሮዬ መብራት ጠፋ። ከዚያ ቤት ገባሁ። ከዚያ…»

«ከዚያ እንሽላሊት አየሽ» አለች ሚልካ።

እናቷን እጇን ያዘቻት። ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «የረሳሽው አንቺ፣ የተቆጣሽው አንቺ» አለቻት።

ሁሉም ሰማ።

በመጀመሪያ ፕሮፌሰሩ ሳቁ። ከዚያ ኑረዲን። ከዚያ ጋሽ ደምሴ፣ ሹራባቸው እስኪንቀጠቀጥ። በመጨረሻ ወይኒቱም ሳቀች፤ ግን እየሳቀች ጣቶቿ መሥራት ጀምረዋል። ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ!

ስምንቱ ቢጫዎች አረንጓዴ ሆኑ።

«ነፃ ማን አለ?» አለች ወይኒቱ።

«ስምንቱም!» አለች ሚልካ።

ጠቅ! ስምንቱ አረንጓዴዎች ቀይ ሆኑ።

«ዙዙዙዙዙዙም!» አሉ ማሽኖቹ። ሚልካ ሮጣ (መሮጥ አይቻልም) ከጀርባቸው እጇን ጠጋ አደረገች። ፍፍፍፍ! አሥራ ሁለቱም ሞቃት ናቸው።

አሁን የሚቀረው መጠበቅ ነው። እንሽላሊት መጠበቅ ከባድ ነው። ይህ ግን ይብሳል።

ዘጠኝ ተኩል። ደመናዎቹ ተራራውን ሸፈኑት።

አሥር ሰዓት። ሐይቁ ግራጫ ሆነ። ውኃው ግን ዝም ብሎ ተኝቷል። ወደቡ ላይ ሰዎች መረብ ይሸከማሉ።

አሥር ተኩል። ሚልካ ሰማያዊዋን ጀልባ አየቻት። ከሩቅ የባቄላ ፍሬ ታክላለች። አንድ ሰው ገባባት።

ድው! ድው! ድው!

ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ማሽኖቹ መልሳቸውን ሰጡ። አንድ በአንድ።

«ንፋስ ይመጣል» አለ አንዱ። «ይመጣል» አለ ሁለተኛው። «ይመጣል» አለ ሦስተኛው።

«አይመጣም» አለ አራተኛው።

የወይኒቱ እስክሪብቶ ከእጇ ወደቀ።

«ይመጣል።» «ይመጣል።» «ይመጣል።» «ይመጣል» አሉ የቀሩት።

«ሰባቱ ‹ይመጣል›፣ አንዱ ‹አይመጣም›» አለች ወይኒቱ። «ይህ ‹ምናልባት› አይደለም።» ስልኳን አነሣች። ወደ ወደቡ ጠባቂ ደወለች።

ቱ… ቱ… ቱ… ስልኩ ተይዟል።

እንደገና ደወለች። ቱ… ቱ… ቱ…

«ማነው የሚያወራው!» አለ ኑረዲን።

ሚልካ አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋለች። ሁለት ጀልባዎች ወጡ። ሰማያዊዋም ተንቀሳቀሰች። ምሰሶው ላይ ምንም የለም።

ቱ… ቱ…

«ሃሎ!» አለ አንድ ድምፅ።

«ጨርቁን ስቀለው!» አለች ወይኒቱ። «ቀዩን! አሁኑኑ! ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ንፋስ አለ!»

«‹ምናልባት› ነው?» አለ ድምፁ።

«አይደለም!» አሉ ሁሉም በአንድ ላይ። ወይኒቱ፣ ሚልካ፣ ኑረዲን፣ ጋሽ ደምሴና ፕሮፌሰሩ።

ሚልካ ምሰሶውን አየች። ምንም የለም። አሁንም ምንም የለም።

ከዚያ አንዲት ትንሽ ቀይ ነገር፣ የበርበሬ ፍሬ የምታክል፣ ምሰሶውን ወጣች፤ ወጣች፤ ጫፉ ላይ ደረሰች።

አንደኛው ጀልባ ዞረ። ሁለተኛውም ዞረ።

ሰማያዊዋ ጀልባ ቆመች። ቆየች። አባባ ጩፋ እያሰቡ ነው። እያጉረመረሙም ነው፤ ይህ ከኮረብታው ላይ ባይሰማም ሚልካ አወቀች።

ከዚያ ሰማያዊዋ ጀልባ፣ ቀስ ብላ፣ ዞረች።

ሚልካ ትንፋሿን ለቀቀች። ፍፍፍፍ!

«አሁን» አለች ወይኒቱ፣ ወንበሯን ለፕሮፌሰሩ እየሳበች፣ «ስምንቱንም ለቅቄያለሁ። አዞዎችዎን ይቁጠሩ።»

ማታ ቤታቸው ውስጥ ሦስቱም ራት በሉ። ዓሣ አልነበረም። ሽሮ ነበር።

አባባ ጩፋ በየጊዜው ተነሥተው በመስኮቱ ያያሉ። ውጪው ጸጥ ብሏል። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

«ሐይቁ እንደ ሳህን ነው» አሉ አባባ ጩፋ።

ወይኒቱ እስክሪብቶ ስላልነበራት ማንኪያዋን አኘከች።

ሚልካ አልጋዋ ላይ ወጣች። ዓይኗ ግን አልተከደነም። አንድ ማሽን «አይመጣም» ብሏል። ያ ማሽን ልክ ቢሆንስ? አባባ ጩፋ ነገ በጨርቁ ላይ ቢስቁስ? በሚቀጥለው ጊዜ ጨርቁን አይተው ቢሄዱስ?

ድው! ድው!

ሁለት ሰዓት ሆነ።

መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ያለው የሙዝ ቅጠል «ሽ» አለ።

ከዚያ መስኮቱ «ቃ!» አለ።

ከዚያ ንፋሱ መጣ። ዉዉዉዉ! ቆርቆሮው «ቃ! ቃ! ቃ!» አለ። በረንዳው ላይ የነበረው ባልዲ እየተንከባለለ ግቢውን ዞረ። የሚልካ ትንሽ ቢጫ ጀሪካንም «ኳ! ኳ! ኳ!» እያለች ተከተለችው።

ከታች፣ ከሩቅ፣ ሐይቁ ሲጮህ ተሰማ።

አባባ ጩፋ መስኮቱ አጠገብ ቆመው አዳመጡ። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ጀልባቸው ወደቡ ላይ ታስራለች። መረባቸው በረንዳው ላይ ነው። እሳቸውም እዚህ ናቸው።

«ሰባቱ ‹ይመጣል› ነው ያሉት?» አሉ በመጨረሻ።

«ሰባቱ» አለች ወይኒቱ።

«ስምንተኛውስ?»

«‹አይመጣም› አለ።»

«እሱ የእኛ ዘመድ ነው» አሉ አባባ ጩፋ። «ልክ እንደ እኔ ግትር ነው።» ከዚያ የልጃቸውን ራስ በትልቅ እጃቸው ነካ አደረጉ። «ጎበዝ፣ ልጄ።»

«ሚልካ ናት ጎበዟ» አለች ወይኒቱ። «እኔማ እንሽላሊት ሳባርር ነበር።»

አባባ ጩፋ ይህ አልገባቸውም። ነገ ይነገራቸዋል፤ ረጅም ወሬ ነው።

የሚልካ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በወፍራሙ ቡልኳቸው ተጠቀለሉ። ንፋሱ ገና «ዉዉዉዉ!» ይላል። ቆርቆሮው ገና «ቃ! ቃ!» ይላል።

«አባባ» አለች ሚልካ፣ «ቡልኮው ውስጥ ነፃ ቦታ አለ?»

አባባ ጩፋ የቡልኮውን ጫፍ ገለጥ አድርገው አዩ። ወደ ቀኝ አዩ። ወደ ግራ አዩ። በደንብ አጣርተው ጨረሱ።

«አንድ ሰው ይዞት ነበር» አሉ። «ከሥሩ ስም አለበት። ‹ሚ› ይላል።»

ሚልካ ገባች። ሞቃት ነበር።

ድው… ድው… አለ ልቧ፣ ቀስ እያለ። ከዚያ ተኛች።